ቪትዝ ከ11 ወር የጅማ መንገድ በኋላ፦ አባት ለምን ዲኤክስ ይላል፣ ልጅ ለምን ኤሌክትሪክ ይላል?

መኪናው በፈረንጆቹ ከ2005 እስከ 2010 ከተመረተው ሁለተኛው ትውልድ ቶዮታ ቪትዝ ነው፤ 996 ሲሲ፣ ባለ 3 ሲሊንደር፣ ሲቪቲ ካምቢዮ። በ11 ወር 13 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዷል። አብዛኛው ከተማ ውስጥ ነው፣ አራት ጊዜ ደግሞ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ።

ለከተማ እንከን አይወጣለትም። መርካቶ ዙሪያ በባጃጅ መሃል ሾልኮ ያልፋል፣ በ100 ኪሎ ሜትር ከ6 እስከ 7 ሊትር ቤንዚን ይበቃዋል፣ ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድበት ያደረ እንደሆነም ጠዋት ቁልፍ ሲዞር ይነሳል።

ፈተናው ዳገት ላይ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ ከመቶ 15 እስከ 20 ያጣል። ይህ ሞተር ሲፈጠርም ያለው 71 ፈረስ ጉልበት ነው። አራት ሰው ጭኖ ከከተማው በላይ ወዳለው የጅሬን ዳገት ሲወጣ ድምፁ ይጨምራል እንጂ ፍጥነቱ አይጨምርም።

ወደ ገጠር ወጥቶ ከኋላ ባለ 60 ኪሎ ሁለት ጆንያ ቡና ከተጫነበት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሽና፣ የሚጎትቱት የፊት ጎማዎች ቀለው ጭቃው ላይ ባዶ ይሽከረከራሉ። የድሮው ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ በኋላ ጎማ ስለሚገፋ ጭነቱ ራሱ ጎማውን መሬት ያስይዘዋል። ቮልስማ ሞተሩም ከኋላ ነው። አባቶች «ቪትዝ መጫወቻ ናት» ሲሉ ንቀት ይመስላል፤ ጭቃ ላይ ግን ልክ ናቸው። በዚያ ላይ የዲኤክስ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) መንገድ ዳር ወርዶ፣ በቤንዚን ታጥቦ፣ ቀዳዳው ተነፍቶ ይመለሳል። ቪትዝ የሞተር መብራት ሲያበራ በኮምፒውተር ማስነበብ ግድ ነው።

አባቶች ልክ ያልሆኑት ዘይት ላይ ነው። የሞተሩ ልክ ከነፊልትሮው 3.1 ሊትር ነው። ጋሎኑ ግን 4 ሊትር ይይዛል፤ ብዙ ጋራዥ ውስጥ «ይተርፋል እንዴ?» ተብሎ ሙሉው ይገለበጣል። ሲበዛ የሚሽከረከረው ክራንክ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ቅባት አይሆንም። 3 ሊትር አፍስሶ፣ ሞተሩን አስነስቶ አጥፍቶ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በዘይት መለኪያው ዘንግ እያዩ መሙላት ነው። ለአሮጌ ሞተር የለመዱትን ወፍራም ዘይትም ይተዉት፤ 5ደብሊው-30 ይበቃል።

ካምቢዮው ላይ የሚሠራ ስህተት ከዚህም ይከፋል። ሲቪቲ ቀበቶና ፑሊ ነው፣ የሚይዘውም ለእሱ ተብሎ በተሠራ ዘይት ነው። «ያው ኦቶማቲክ ነው» ተብሎ ተራው የኦቶማቲክ ዘይት ከገባ ቀበቶው ይንሸራተታል፤ መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። ሲቀየር የወጣውን በሊትር ለክቶ ያንኑ ያህል መመለስ ያዋጣል።

ኮብልስቶኑ የፊት እግሩን ይበላል። በቀስታ ሲነዳ «ቀጭ ቀጭ» ካለ፣ መሪውን ከመክሰስ በፊት ፊቱን በክሪክ አንስቶ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው፤ ልቅ ካለ ቴስቲናው (የጎማው መጋጠሚያ ኳስ) ወይም ኩሽኔታው ነው።

በአዲስ አበባ መንገድ ያለው የጊቤ ቁልቁለት ላይ በ«ዲ» ብቻ መውረድ የፊት ፍሬን ሸራውን ያቃጥላል። ማርሹን ወደ ዝቅተኛው አውርዶ ሞተሩ እንዲይዘው ማድረግ፣ ፍሬኑን ረግጦ መልቀቅ እንጂ ተጭኖ አለመቆየት።

ወጣቶቹስ? መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ለእነሱ አዲስ መኪና ማለት ኤሌክትሪክ ነው። የአየር መሳሳት ጉልበቱን አይነካውም፤ ቪትዝ ሸራ የሚያቃጥልበት ቁልቁለት ላይም የሚባክነውን ጉልበት ኤሌክትሪክ አድርጎ ወደ ባትሪው ይመልሳል። ቤት ውስጥ ቻርጅ ለማድረግ ግን ከቆጣሪው ራሱን የቻለ መስመርና እውነተኛ ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) ያስፈልጋል፤ ለእንጀራ ምጣድ ከተዘረጋው ሽቦ ላይ መቀጠል ሶኬት ያቀልጣል። ወደ አዲስ አበባ ያለው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ደግሞ ለትንሽ ባትሪ ሩቅ ነው፤ ካታሎግ ላይ የተጻፈው ርቀት በሰውና በዳገት የተፈተነ አይደለም። እስከዚያው ከተማ ለከተማና አልፎ አልፎ ለአስፋልት ጉዞ ቪትዙ ይቆያል። ለቡናው ጆንያ ዲኤክስ ያለው ሰው አይሽጠው።