የፖስትግሬስ ኤክስፕሌይን፦ ሌፍት ጆይናችሁን ማን እንደበላው ያሳያል

መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የሽያጭ ሪፖርት አወጣለሁ። አለቃዬ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ባልገዙት ፋርማሲዎች ላይ ነው፤ ስልክ የሚደወለው ለእነሱ ነዋ። ስለዚህ የፋርማሲውን ቴብል ከትዕዛዙ ቴብል ጋር በሌፍት ጆይን ማገናኘት (ትዕዛዝ የሌላቸውን ፋርማሲዎችም ሳይጥል ያገናኛል) የዘወትር ሥራዬ ነው። ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ውስጥ ለዚህ የምወደው መሣሪያ ኤክስፕሌይን ነው። ነጻ ነው፣ ከዳታቤዙ ጋር አብሮ ይመጣል። ከኩዌሪው (ለዳታቤዙ ከምትጽፉት ጥያቄ) ፊት ትጽፉታላችሁ፤ ኩዌሪውን ሳያስኬድ፣ ዳታቤዙ እንዴት ሊያስኬደው እንዳሰበ የሚያሳየውን እቅድ ያወጣላችኋል።

ብዙ ሰው «የትዕዛዙ ቀን ሚያዝያ ውስጥ ይሁን» የሚለውን ኮንዲሽን ዌር ላይ፣ ማለትም የተገናኙትን ረድፎች በሚያጣራው ክፍል ላይ ይጽፋል። ሌፍት ጆይን ያልገዙትን የትዕዛዛቸውን ቦታ በነል (ባዶ ማለት ነው) ሞልቶ ያመጣቸዋል። ዌር ግን ነልን ከቀን ጋር ሲያወዳድር «እውነት» የሚል መልስ አያገኝም፤ አውጥቶ ይጥላቸዋል። ኤክስፕሌይን ላይ ወዲያው ይታያል፦ «ሃሽ ሌፍት ጆይን» ሊል ሲገባው «ሃሽ ጆይን» ብቻ ይላል (ሃሽ የማገናኛው ዘዴ ስም ነው)፤ ሌፍት ጆይኑ ተራ ጆይን ሆኗል ማለት ነው። ኮንዲሽኑን ወደ ኦን፣ ማለትም ቴብሎቹ በምን እንደሚገናኙ ወደሚጻፍበት ክፍል ስታዛውሩት ሌፍቷ ትመለሳለች። አንዳንዴ ሌፍት ጽፋችሁ ራይት ቢላችሁ አትደንግጡ፤ ጎኖቹን አገላብጦ ነው፣ ውጤቱ ያው ነው።

የሚያናድደኝ ዝምታው ነው። «ሌፍት ጆይንህ ዋጋ የለውም» ብሎ አያስጠነቅቅም፤ ማንበብ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። እዚህ ላይ ማይኤስኪውኤል የሚባለው ሌላው ዳታቤዝ ይሻላል። ከኤክስፕሌይን ቀጥሎ ሾው ዋርኒንግስ ካላችሁት፣ ራሱ የቀየረውን ኩዌሪ ጽፎ ያሳያችኋል። ሌፍት የምትለዋ ቃል ከውስጡ ጠፍታ ታዩታላችሁ።

ለጀማሪ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። አንዳንዱ ችግሩን ሲያይ ዌር ላይ «ሚያዝያ ይሁን ወይም ነል ይሁን» ብሎ ይለጥፍበታል። አሁን ኤክስፕሌይንም ሌፍት ጆይን ይላል፣ ሁሉም ሰላም ይመስላል። መጋቢት ገዝቶ ሚያዝያ ያልገዛው ፋርማሲስ? ትዕዛዝ ስላለው ነል አይደለም፣ ቀኑም ሚያዝያ አይደለም። ከሪፖርቱ ድራሹ ይጠፋል። አለቃዬ ደግሞ ከማንም በላይ የሚፈልገው እሱን ነው፤ ደንበኛ ሆኖ የሸሸውን! እዚህ ላይ ፍንጩ ኤክስፕሌይን ውስጥ ፊልተር (ማጣሪያ) የሚለው መስመር ነው። ትዕዛዙ ቴብል ሥር ከሆነ ደህና። ጆይኑ ላይ ተለጥፎ ካያችሁት ግን ጠርጥሩ።

ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ። አናላይዝ የሚለውን ከጨመራችሁበት ግን ኩዌሪውን የምር ያስኬደዋል፤ ዳታ በሚሰርዘው ዲሊት ላይ እንዳትሞክሩት።