«ሁሉንም ያካተተ» ብለው ያስፈረሙን ውል፦ አረጋዊ ወላጅ ያላችሁ ተጠንቀቁ

እናት፣ አባት ወይም ዘመድ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ለማስገባት እየተዘጋጃችሁ ከሆነ፣ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። የምጽፈው በአክስቴ ላይ የደረሰው በሌላ ሰው ላይ እንዳይደገም ነው። የቤቱን ስም አልጠራም። ብጠራው አንድ ቤት ብቻ ትሸሻላችሁ። እኔ እንድትሸሹ የምፈልገው አንድ ዓይነት ውል ነው፤ እሱ ደግሞ ሌላ ቤትም ሊያጋጥማችሁ ይችላል።

ውሉ የሚሠራው እንዲህ ነው። ወርሃዊ ክፍያው «ሁሉንም ያካተተ» ይባላል። ምግብ፣ መኝታ፣ ንጽሕና፣ የነርስ ክትትል፣ ሁሉም በውስጡ አለ። ወደ መጨረሻዎቹ ገጾች ስትደርሱ ግን «የእንክብካቤ ደረጃ» የሚል አንቀጽ ታገኛላችሁ። ራሱን ችሎ የሚንቀሳቀስ ሰው ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይመደባል። ለመታጠብና ለመልበስ ረዳት የሚያስፈልገው መካከለኛው ላይ ነው። ከአልጋ መነሳት ያቃተው የመጨረሻው ላይ ይገባል። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ክፍያውም ከፍ ይላል። ይህ በራሱ ክፋት የለውም፤ ብዙ እንክብካቤ ብዙ ወጪ ይጠይቃል። ችግሩ ደረጃውን የሚወስነው ቤቱ ብቻውን መሆኑ ነው። ቤተሰብ አይጠየቅም። የውጭ ሐኪም አያየውም። «ይህ ሰው ለምን ደከመ?» ብሎ የሚጠይቅ አንቀጽም የለም።

አሁን የሆነውን ልንገራችሁ።

አክስቴ ሲገቡ ከዘራቸውን ይዘው ይራመዱ ነበር። ክንዳቸውን የሚይዝላቸው ሰው ካገኙ መጸዳጃ ቤትም ራሳቸው ይሄዱ ነበር። ግን አረጋዊን ደግፎ ማራመድ ጊዜ ይወስዳል። በዊልቸር መግፋት ይፈጥናል። በየፈረቃው የሚገቡት ተንከባካቢዎች ደግሞ ጥቂት ነበሩ። ስለዚህ አክስቴ በዊልቸር መገፋት ጀመሩ። ቀጥሎ ዳይፐር መጣ። «መጸዳጃ ቤት ውሰዱኝ» ሲሉ «ዳይፐር አድርገዋል እኮ፣ እዚያው ይሁን» ይባላሉ። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በንጽሕና የኖሩ ሰው ይህን ሲናገሩ መስማት ያማል።

በእርጅና ጊዜ መራመድ ያቆመ ሰው ጉልበቱ የሚከዳው በጣም በፍጥነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አንድ ጥናት፣ ጤነኛ አረጋውያን ለ10 ቀናት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር። በእነዚያ ቀናት ብቻ ከእግራቸው ጡንቻ 1 ኪሎ ግራም ገደማ አጥተዋል። እነሱ ጤነኞች ነበሩ። ሕመም ያለበት ሰው ለወራት ተቀምጦ ሲውል ምን እንደሚሆን አስቡት። አክስቴ መቆም አቃታቸው። ከዚያ የአልጋ ቁስል ወጣባቸው። ከዚያ ደብዳቤ መጣልን፦ ደረጃቸው ወደ መጨረሻው ከፍ ብሏል፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ክፍያው ይጨምራል።

ይህን ቅደም ተከተል ልብ በሉልኝ። ስላላራመዷቸው ደከሙ። ስለደከሙ ክፍያው ጨመረ። የፈረምነው ቤቱ ሥራውን ባልሠራ ቁጥር ገቢው የሚያድግበት ውል ነው። ሥራ አስኪያጁን ስጠይቃቸው «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» አሉኝ።

«እርጅና ነው» የሚለውን መልስ አትቀበሉ። የአልጋ ቁስል እርጅና አይደለም። አጥንት ከቆዳ በሚቀርብበት ቦታ፣ ማለትም ከወገብ በታች፣ ዳሌ ላይ፣ ተረከዝ ላይ፣ የሰውነት ክብደት ለረጅም ሰዓት ሲያርፍ ደም ወደዚያ መድረስ ያቅተዋል። ቆዳው ይሞታል። ሽንትና ላብ ያረጠበው ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይላጣል። አብዛኛውን ጊዜ መከላከል ይቻላል። የተለመደው አሠራር አልጋ ላይ የተኛን ሰው በየ2 ሰዓቱ ገደማ ማገላበጥ ነው፤ እንደየሰውየው ሁኔታ ይለያያል። ወንበር ላይ የሚውል ሰው ግን ክብደቱ በሙሉ መቀመጫው ላይ ስለሚያርፍ ከዚያም ቶሎ ቶሎ መነሳት አለበት። ብዙ ሰው ቁስል የሚወጣው አልጋ ላይ ብቻ ይመስለዋል። የአክስቴ የጀመረው ዊልቸር ላይ ነው።

በመጽሐፍ የሚነገረው የመጀመሪያው ምልክት በጣት ሲጫኑት የማይጠፋ ቅላት ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በእጃችሁ ዳስሱ። አንዱ ቦታ ከአካባቢው ይልቅ የሚሞቅ ወይም የሚቀዘቅዝ፣ የጠጠረ ወይም የላላ፣ ወይም ከሌላው ቆዳ የጠቆረ ከሆነ፣ ወይም ሲነኩት ካመማቸው፣ ዛሬውኑ ነርስ ጥሩ። በዚህ ደረጃ ከተያዘ ይድናል። የአልጋ ቁስል የመጨረሻ ደረጃ የሆነው አራተኛው ላይ ከደረሰ ግን ቁስሉ ጡንቻና አጥንት ድረስ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ኢንፌክሽኑ ሊገድል ይችላል። ሰውየው የተገላበጠበት ሰዓት የሚፈረምበትን የማገላበጫ መዝገብም አሳዩኝ በሉ። የሁሉም ሰዓት ፊርማ በአንድ ብዕር፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ጊዜ የተሞላ ከመሰላችሁ ጠይቁ።

ሌላው ያስደነገጠኝ መድኃኒት ነው። ጠዋት ብንሄድ ከሰዓት ብንሄድ አክስቴ ሲያንቀላፉ ነበር የምናገኛቸው። «አርፈው ነው የሚውሉት፣ አያስቸግሩም» እየተባልን ደስ እንዲለን ይጠበቅ ነበር። በኋላ የመድኃኒት ዝርዝሩን ስናስወጣ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚታዘዝ መድኃኒት ተገኘ። ማን አዘዘው፣ ለምን፣ እስከ መቼ የሚል ማብራሪያ አልነበረም። ቤተሰብም አልተጠየቀም።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንዲህ ያሉት መድኃኒቶች፣ ማለትም ሪስፐሪዶን፣ ኦላንዛፒን፣ ኩቲያፒን፣ ሃሎፔሪዶልና መሰሎቻቸው የመርሳት በሽታ ላለባቸው አረጋውያን ሲሰጡ የመሞት ዕድልን ይጨምራሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2005 ለአዳዲሶቹ መድኃኒቶች፣ በ2008 ደግሞ ለቆዩት ጭምር ከፍተኛውን የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ እንዲለጠፍባቸው ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። ለ10 ሳምንታት ገደማ በቆዩ ሙከራዎች መድኃኒቱን ከወሰዱት 4.5 በመቶው ሲሞቱ፣ ካልወሰዱት የሞቱት 2.6 በመቶ ነበሩ። አንዳንዴ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ሐኪም አይቶ፣ ምክንያቱን ጽፎ፣ የሚከለስበትን ቀን ወስኖ ሲሰጥ አንድ ነገር ነው። ሠራተኛ ስላነሰ ሰውን ለማስተኛት ሲሰጥ ግን ያው በገመድ እንደ ማሰር ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣችው ሕግ ነዋሪን ለቅጣት ወይም ለሠራተኛ ምቾት ሲባል ማሰርን የከለከለችው፣ በገመድም ይሁን በመድኃኒት ብላ ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት ካገኛችሁ ግን በራሳችሁ በድንገት አታስቁሙት፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንሰው።

በድንገት መቀባዠርንም እርጅና ነው ብላችሁ አትለፉት። ትናንት በደንብ ያወራ ሰው ዛሬ ሰው መለየት ካቃተው አንድ ነገር ተፈጥሯል። ኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት፣ አዲስ መድኃኒት ወይም ሰው ሳያያቸው መውደቃቸው ሊሆን ይችላል። አረጋዊ ሰው የሳንባ ምች ይዞት እንኳ ትኩሳት ላያሳይ ይችላል። ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜትም ይቀንሳል፤ «ውኃ አልጠየቁም» ማለት «አልጠማቸውም» ማለት አይደለም። ብርጭቆው እጃቸው በሚደርስበት ቦታ መኖሩን እዩ። የጥሪ ደወሉንም እንዲሁ። የአክስቴ ደወል ከአልጋው ጀርባ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ለመጫን መነሳት ያስፈልግ ነበር።

ክብደታቸውን በገቡበት ቀን አስመዝኑና በራሳችሁ ደብተር ያዙት። በ1 ወር ውስጥ 5 በመቶ፣ ወይም በ6 ወር 10 በመቶ ከቀነሱ ሐኪም ማየት አለበት። 60 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው 5 በመቶ ማለት 3 ኪሎ ነው። በልብስ ውስጥ አይታይም።

ቤት ስትመርጡ የሚያሳዩአችሁ እንግዳ መቀበያውን፣ አዲሱን ክፍልና አትክልት ቦታውን ነው። እናንተ ግን የምትገዙት የሰው እጅ ነው። «ዛሬ ሌሊት ስንት ሰው ያድራል? ለስንት ነዋሪ? ከእነሱ ውስጥ ነርስ ማናት?» ብላችሁ ጠይቁ። «በቂ ሠራተኛ አለን» መልስ አይደለም፤ ቁጥር ይንገሯችሁ። ከዚያ በሌላ ቀን ሳትናገሩ ከች በሉ። ምሽት ላይ ወይም በዕረፍት ቀን ቢሆን ይመረጣል። ጥሪ ሲደወል ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ሰዓታችሁን አይታችሁ ያዙ። የነዋሪዎቹን ጥፍርና አፍ ተመልከቱ። መነጽራቸውና የመስሚያ መሣሪያቸው ተደርጎላቸዋል ወይስ መሳቢያ ውስጥ ነው? ኮሪደር ላይ ተደርድረው የተቀመጡት ከአንድ ሰዓት በኋላም እዚያው ናቸው? «ያለ ቀጠሮ ጉብኝት አንፈቅድም» የሚል ቤት ከሆነ እኔ ሌላ ጥያቄ ሳልጠይቅ እወጣለሁ።

ተንከባካቢዎቹን ሁሉ እየወቀስኩ አይደለም። አንዳንዶቹ ለአክስቴ እንደ ልጅ ነበሩ፤ ፈረቃቸው አልቆ ጸጉራቸውን የሚያበጥሩላቸው ነበሩ። ግን የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በእንዲህ ዓይነት ተቋማት ከሚሠሩ 3 ሠራተኞች 2ቱ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ በነዋሪ ላይ በደል መፈጸማቸውን ራሳቸው ተናግረዋል። ይህን ያህል ሰው ክፉ ሆኖ አይፈጠርም። ድካም፣ የሰው እጥረትና ሥልጠና ማጣት ናቸው ወደዚህ የሚያደርሱት። እነዚህን ሦስቱን ማስተካከል የባለቤቱ ፈንታ ነው። ለዚያ ነው የምትከፍሉት።

ወደ ውሉ ልመለስ። «ክፍሉ ነገ ይያዛል» ብለው ቢያጣድፏችሁም ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ አንብቡ። መውሰድ አይቻልም ካሏችሁ ተዉት። ስማችሁ በምን ሆኖ እንደተጻፈ እዩ። በ«ተወካይ» እና በ«ዋስ» መካከል ትልቅ ልዩነት አለ፤ ዋስ ሆናችሁ ከፈረማችሁ ዕዳው የራሳችሁ ሊሆን ይችላል። «ለሚደርስ ጉዳት ቤቱ ተጠያቂ አይሆንም» የሚል አንቀጽ ካለ እንዲሰረዝ ጠይቁ። ሰውየው ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ክፍያው ይቀጥላል? በሞት ቢለይስ ክፍያው ለስንት ቀን ይታሰባል? መያዣው ገንዘብ መቼ ይመለሳል? በምን ምክንያት ሊያስወጡት ይችላሉ? ዳይፐር፣ የቁስል ማሸጊያ፣ ወደ ሐኪም ማመላለስ «ሁሉንም ያካተተ» በሚለው ውስጥ አሉ? እኛ ዘንድ አንዳቸውም አልነበሩም። በቃል የተነገራችሁ ሁሉ ካልተጻፈ የለም።

ዘመዳችሁ ቀድሞ ገብቶ ከሆነና ነገሩ ከከፋ፣ ቅሬታችሁን በጽሑፍ ስጡና ኮፒው ላይ የተቀበላችሁን ሰው አስፈርሙ። ቁስሉን ፎቶ አንሱ፤ አስቀድማችሁ እሳቸውን ፈቃድ ጠይቁ፣ ቀኑንም ያዙ። የሕክምናና የመድኃኒት መዝገቡን ኮፒ ጠይቁ። የውጭ ሐኪም ያያቸውና የጽሑፍ ማስረጃ ይስጣችሁ። ቤቱን ፈቃድ ለሰጠው አካል አመልክቱ። ሕይወታቸውን የሚያሰጋ ነገር ካያችሁ ግን ወረቀቱን ኋላ ታደርሱበታላችሁ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ውሰዷቸው። አንዳንድ ሰው «ብናገር በእሳቸው ላይ ይወጡታል» ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ ይገባኛል። እኛ ያደረግነው ከቤተሰቡ አንድ ሰው በየቀኑ በተለያየ ሰዓት እንዲሄድ ነው። ቤተሰቡ እንደሚመጣ የሚታወቅ አረጋዊ አያያዙ ሲለወጥ ዓይናችን አይቷል።

አክስቴ አሁን ሌላ ቤት ናቸው። ቁስሉ ድኗል፤ እግራቸው ግን አልተመለሰም። አዲሱ ቤት ስንፈርም ያስጻፍነውን አንቀጽ እዚህ አስቀምጥላችኋለሁ፤ እንዳለ ገልብጣችሁ ተጠቀሙበት፦

«የእንክብካቤ ደረጃው የሚቀየረው በቤተሰብ የተመረጠ የውጭ ሐኪም ነዋሪውን መርምሮ በጽሑፍ ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። ሐኪሙ የድካሙ ምክንያት የአልጋ ቁስል፣ መውደቅ፣ የውኃ ወይም የምግብ እጥረት፣ ወይም ያለ ፈቃድ የተሰጠ መድኃኒት ነው ካለና ይህም በቤቱ ውስጥ የደረሰ ከሆነ፣ ክፍያው አይጨምርም፤ የሕክምና ወጪውንም ቤቱ ይሸፍናል።»

የመጀመሪያው የጠየቅነው ቤት ይህን አልቀበልም አለን። ሁለተኛው አንብቦ ፈረመ።