ካቴድራሉን የሚጦሩት አፓርታማዎች፦ የኒው ዮርኩ ቅዱስ ዮሐንስ ጉብኝት

ኒው ዮርክ ሄዳችሁ ማንሃተን ላይ ግማሽ ቀን ካገኛችሁ፣ አምስተርዳም ጎዳናና 112ኛ መንገድ የሚገናኙበት ቦታ ያለውን የሴንት ጆን ዘ ዲቫይን ካቴድራል ጎብኙ። ይህን የምለው ትልቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ትልቅማ ነው፤ ርዝመቱ 183 ሜትር ነው። ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። አንድ ታሪካዊ ቤተ ክርስቲያን ራሱን ለማቆየት ብሎ ግቢው ላይ አፓርታማ ሲያስገነባ ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያጣ፣ እንደዚህ በአንድ ዙር የሚታይበት ሌላ ቦታ አላውቅም። ስለዚህ ግማሹን ስለ ጉብኝቱ፣ ግማሹን ስለ አፓርታማዎቹ ውል ነው የምጽፈው። ቀኖቹም ዓመቶቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከውስጥ እንጀምር። እንደገባችሁ የግድግዳው ባለ ቀለም መስታወት አያስቁማችሁ፤ ቀጥ ብላችሁ ወደ መሐል ሂዱ። ረጅሙ አዳራሽ አልቆ መስቀለኛው ቦታ ላይ ስትደርሱ ቀና በሉ። ከላያችሁ ያለው ጉልላት በ1909 «ለጊዜው» ተብሎ የተሠራ ነው። የጓስታቪኖ ኩባንያ ሠራተኞች ስስ ሸክላዎችን ቶሎ በሚደርቅ ሲሚንቶ እያጣበቁ፣ ከሥር የእንጨት ድጋፍ ሳያቆሙ፣ እዚያው የሠሩት ላይ እየቆሙ ወደ ላይ ዘጉት። ሐሳቡ ገንዘብ ሲገኝ አፍርሶ በቦታው ትልቅ ግንብ ማቆም ነበር። ገንዘቡ አልተገኘም። ጊዜያዊው ጉልላት ይኸው 100 ዓመት አልፎት እዚያው አለ፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከውጭ በመዳብ ተሸፍኗል።

አሁን ዓይናችሁን ወደ ጉልላቱ ተሸካሚ ቅስቶች አውርዱ። ሻካራ፣ ያልተለበጠ ግራናይት ናቸው። ከኋላችሁ ያለው አዳራሽ ግን ልሙጥና ቀጥ ያለ ጎቲክ፣ ማለትም ሹል ቅስት ያለው የአውሮፓ ስልት ነው። የመሠረት ድንጋዩ በ1892 ሲጣል ሕንጻው በሌላ ስልት ነበር የታሰበው፤ በኋላ አርክቴክቱ ተቀየረና አዳራሹ በጎቲክ ቀጠለ። ሁለቱ ስልቶች የሚገጥሙበትን መስመር ማንም ሳያሳያችሁ ታገኙታላችሁ። እኔ ከሕንጻው ሁሉ የምወደው ይህን ስፍራ ነው። ገንዘብ ያለቀበትን፣ ሐሳብ የተቀየረበትን ቦታ ማንም አልሸፈነውም።

ካቴድራሉ ከዳር እስከ ዳር የተከፈተው ኅዳር 30፣ 1941 ነው፤ በሳምንቱ ፐርል ሃርበር የተባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰፈር ተመታ፣ አሜሪካ ጦርነት ገባች፣ ግንባታውም ቆመ። በ1979 የሰፈሩ ወጣቶች ድንጋይ ጠረባ መሠልጠን ጀመሩ፣ በ1982 ደግሞ የደቡቡን ግንብ ማሳደግ ተጀመረ፣ እሱም ትንሽ ከፍ ካለ በኋላ በ1992 ቆመ። በታኅሣሥ 2001 ደግሞ እሳት ተነሳ። የተቃጠለው በሰሜን በኩል ያለው ክንፍ ቢሆንም ጭሱ ሕንጻውን ሁሉ አዳረሰው፤ ኦርጋኑና ጥንታዊ የግድግዳ ምንጣፎቹ ተጎዱ፣ ካቴድራሉ ታጥቦና ተጠግኖ እንደገና የተመረቀው በ2008 ነው። የአካባቢው ሰው «ያላለቀው ዮሐንስ» ቢለው አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ ነው የገንዘቡ ነገር የሚመጣው። ሰው ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው በዓይኑ ለሚያየው ነገር ነው። ለመስታወት ይሰጣል፣ ለኦርጋን ይሰጣል፣ ስሙ የሚጻፍበት ሰሌዳ ካለ ደግሞ ይበልጥ ይሰጣል። ለአሸንዳ ማን ይሰጣል? ለጣሪያ ስፌት፣ ለማሞቂያ ቧንቧ፣ ከድንጋይ መሐል እየረገፈ ላለ ኖራ ማን ቼክ ይጽፋል? ሕንጻ የሚገድለው ግን ይኼ ነው። ውሃ በአንድ ስንጥቅ ይገባል፣ ክረምት ላይ በረዶ ይሆንና ድንጋዩን ይፈነቅላል፣ በሚቀጥለው ዓመት ስንጥቁ ይሰፋል። ለዚህ የሚያስፈልገው በበዓል ቀን የሚሰበሰብ ገንዘብ አይደለም፤ ማንም ሳያጨበጭብ በየዓመቱ የሚገባ ገንዘብ ነው። ኪራይ ማለት ነው።

ካቴድራሉ ያለው ትልቁ ሀብት መሬት ነው። ግቢው ሰፊ ነው፣ ሰፈሩም ውድ ነው። ስለዚህ ሁለት ጥግ ለገንቢ ሰጡ። በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ 110ኛ መንገድ ላይ፣ 20 ፎቅ የሆነና ወደ 300 የሚጠጉ ቤቶች ያሉት የኪራይ አፓርታማ በ2008 ገደማ ተጠናቀቀ። በሰሜን በኩል፣ 113ኛ መንገድ ላይ፣ ከ400 በላይ ቤቶች ያሏቸው ሁለት ብሎኮች በ2015 ተከፈቱ፤ ከነዚህ አንድ አምስተኛው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች በቅናሽ የተመደቡ ናቸው። በሁለቱም ቦታ መሬቱ አልተሸጠም። በ99 ዓመት ሊዝ ነው የተሰጠው። ላሟን ሳይሸጡ ወተቷን መሸጥ ማለት ይህ ነው፣ ካቴድራሉም ባለመሬት ሆኖ ይቀጥላል፣ ኪራዩ ለጥገናና ለሥራ ማስኬጃ ይገባል።

ይህን ስሰማ መጀመሪያ ደስ ያለኝ ስለ ሊዙ ነው። ብዙ ቤተ እምነቶች ሲጨንቃቸው መሬት ይሸጣሉ። ገንዘቡ አንድ ጣሪያ ያሠራል፣ ከዚያ ያልቃል፤ ጣሪያው ከሠላሳ አርባ ዓመት በኋላ እንደገና ሲያፈስ የሚሸጥ ነገር የለም። ሊዝ ግን ለሚቀጥለውም ጣሪያ ይደርሳል።

አሁን ወደ ክፍያው። ከካቴድራሉ ውጡና በ113ኛ መንገድ በኩል ዙሩ። ድሮ ከዚህ ጎን አዳራሹ በረጅሙ፣ ከነድጋፍ ግድግዳዎቹ ይታይ ነበር። ዛሬ የምታዩት አፓርታማ ነው። ሁለቱ ብሎኮች መሐል ክፍተት ተትቷል፣ በዚያ በኩል የካቴድራሉ ጎን ብቅ ይላል፣ ግን ቁራጭ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ስትሉ ጠፋ። ሕንጻዎቹ በራሳቸው አስቀያሚ አይደሉም፤ ሌላ ቦታ ቢሆኑ ማንም ክፉ አይናገራቸውም ነበር። ችግሩ ቅርበታቸው ነው። የደቡብ ምሥራቁን ሕንጻ እኔ እቀበለዋለሁ፣ ከግቢው ጥግ ላይ ነውና የካቴድራሉን ዋና ገጽታ አይነካም። የሰሜኑን ግን አሁንም መዋጥ ያቅተኛል። 99 ዓመት ማለት ዛሬ የተወለደ ልጅ ያንን ጎን በሙሉ ሳያየው ሊሞት ይችላል ማለት ነው።

ሕጉስ የት ነበር የሚል ካለ፣ ታሪኩ ያሳዝናል። በ2003 የከተማዋ የቅርስ ኮሚሽን ካቴድራሉን በቅርስነት መዘገበ፤ ምዝገባው ግን ሕንጻውን ብቻ እንጂ ግቢውን አልያዘም ነበር። የከተማው ምክር ቤት «ግቢውም ካልተጠበቀ» ብሎ ምዝገባውን ሻረው። ሙሉውን ሲፈልጉ ግማሹም ቀረ። ካቴድራሉም ግቢውም አብረው የተመዘገቡት በ2017 ነው። አፓርታማዎቹ ያኔ ሰው ገብቶባቸዋል።

እዚያው ማንሃተን ውስጥ ተቃራኒውም ደርሷል። ፓርክ አቬኑ ላይ ያለው የቅዱስ በርተሎሜዎስ ቤተ ክርስቲያን በ1980ዎቹ ከጎኑ ያለውን የራሱን ሕንጻ አፍርሶ የቢሮ ማማ ሊሠራ ጠየቀ፤ የመጀመሪያው ዕቅድ 59 ፎቅ ነበር። ኮሚሽኑ ከለከለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ የሃይማኖት ነጻነቴ ተነካ ብሎ ከሰሰ፣ በ1990 በይግባኝ ተረታ፣ በ1991 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን አላይም አለ። ማማው ቀረ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ዛሬም ቆሟል፣ ይሠራል። «ወይ ግንባታ ወይ ውድመት» የሚል ሰው ሲመጣ ይህን አስታውሱት።

የእንግሊዞቹ አሠራር ደግሞ ከኒው ዮርኩ ይልቅ ያሳምነኛል። እዚያ ቅርስ ለማዳን ተብሎ በተለመደው ደንብ የማይፈቀድ ቤት እንዲሠራ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ጉድለቱን በቁጥር ያሳያል፦ ጥገናው ይህን ያህል ይፈጃል፣ ሕንጻው ታድሶ የሚያወጣው ይህን ያህል ነው፣ ልዩነቱ ይህ ነው። የሚፈቀደው ግንባታ ያንን ልዩነት የሚሞላ ብቻ መሆን አለበት፣ ከዚያ አያልፍም። ውሉ ላይ ደግሞ ጥገናው የተወሰነ ደረጃ ሳይደርስ አዲሶቹ ቤቶች ውስጥ ሰው እንዳይገባ ይታሰራል። ይህ ማሰሪያ ትልቅ ነገር ነው። ገንቢ ቤቱን ሸጦ ከሄደ በኋላ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ምስማር የሚመታበት ምክንያት የለውም።

ማሰሪያ የሌለበትን ማየት ከፈለጋችሁ ማንቸስተር ያለውን የጎርተን ገዳም ታሪክ አንብቡ። ፍራንሲስካን መነኮሳቱ በ1989 ጥለውት ወጡ፣ ሕንጻው ወደ አፓርታማ ሊቀየር ተሸጠ፣ ገንቢው ከሰረ፣ ከዚያ ያለ ጠባቂ ቀርቶ ተዘረፈ። የቅዱሳኑ ሐውልቶች ሳይቀሩ ወጥተው ለጨረታ ቀረቡ። በኋላ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር በ1 ፓውንድ ገዝቶት፣ ዓመታት ለፍቶ፣ በ2007 አድሶ ከፈተው። ቤቶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ መሠራታቸውና ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ ቤት ሆኖ መከፋፈሉ አንድ አይደለም፤ ይህንን የማይለይ ውይይት በጣም ያናድደኛል። አጠገቡ ከተሠራ ዕይታ ይጎዳል። ውስጡ ከተከፋፈለ ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ የለም።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። የኒው ዮርኩ ውል ካቴድራሉን ለጸሎት ክፍት አድርጎ አቆይቶታል፣ ውስጡንም ማንም አልከፋፈለውም፣ መሬቱም በእጁ ነው። ለዚህ ጥሩ ነጥብ እሰጠዋለሁ። የሰሜኑ ጎን ግን ውድ ዋጋ ነበር፣ ከዚያ ያነሰ ግንባታ ይበቃ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ከመፈቀዱ በፊት በቁጥር በአደባባይ መመለስ የነበረበት ይመስለኛል።

ለሚሄዱ ሰዎች። ለጉብኝት መግቢያ ይከፈላል፣ ለጸሎት ለሚገባ ግን ነጻ ነው። ወደ ላይ የሚያወጣው ልዩ ጉብኝት ካለ ያዙ፤ በጠባብ ጠመዝማዛ ደረጃ ስለሆነ ጉልበት ለሚያማቸውና ጠባብ ቦታ ለሚያስፈራቸው አይሆንም። ከመሠዊያው ጀርባ ያሉትን ሰባት ትንንሽ ጸሎት ቤቶች አትለፏቸው፤ ከተለያየ አገር ወደ ከተማዋ ለመጡ ስደተኞች መታሰቢያ የተሠሩ ናቸው፣ ከባሕር ማዶ ለመጣ ሰው ልብ ይነካሉ። ጣዎሶቹን ፍለጋ ግን አትድከሙ፣ በግቢው ይዘዋወሩ የነበሩት ሦስቱ በ2023 በጡረታ ወደ እንስሳት ማቆያ ሄደዋል።

አስጎብኚ ካገኛችሁ ደግሞ ስለ መስታወቱ ብቻ አትጠይቁ። የአፓርታማዎቹ ኪራይ ባለፈው ዓመት የትኛውን ድንጋይ እንደጠገነ ጠይቁና ወስዶ ያሳያችሁ።