ክራሽ 4 ወይስ የድሮዎቹ 3ቱ? ድሬ ላይ ሲዲ ለሚገዛ ሰው

ቅዳሜ ከሰዓት ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ አንዲት እናት ሁለት የፕሌይስቴሽን ሲዲ ይዘው ግራ ገብቷቸው ቆመዋል። በሁለቱም ሽፋን ላይ ያው ብርቱካናማ እንስሳ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ይስቃል። «ልጄ ክራሽ ግዢልኝ አለኝ፤ የቱን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። አንተ ታውቃለህ?» አሉኝ። አውቃለሁ። ክራሽን ያወቅኩት ሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ተራዬን እየጠበቅኩ ነው። እዚያው ቆመን ያወራነውን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው፤ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ድሬ ላይ ብዙ ሰው አለ።

መጀመሪያ ሁለቱን እንለያቸው። አንደኛው ሲዲ «ኤን ሴን ትሪሎጂ» ይባላል። በ1996፣ በ1997 እና በ1998 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ኖቲ ዶግ የሚባል ስቱዲዮ ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን የሠራቸውን 3 የክራሽ ባንዲኩት ጌሞች በአንድ ላይ ይዟል፤ ቪካሪየስ ቪዥንስ የሚባል ሌላ ስቱዲዮ ሥዕላቸውን እንደ አዲስ ሠርቶ በ2017 ለፒኤስ 4 (ፕሌይስቴሽን 4) አወጣቸው። ሁለተኛው ሲዲ «ክራሽ ባንዲኩት 4» ነው። ይሄኛው የድሮው እድሳት አይደለም። ቶይስ ፎር ቦብ የሚባል ስቱዲዮ ታሪኩን 1998 ላይ ከቆመበት አንስቶ ቀጠለው፤ በ2020 ለፒኤስ 4፣ በ2021 መጋቢት ላይ ደግሞ ለፒኤስ 5 ወጣ። የእንግሊዝኛ ንዑስ ርዕሱ «ኢትስ አባውት ታይም» ታሪኩ ስለ ጊዜ መሆኑን ይናገራል፤ እግረ መንገዱንም «ኧረ በስንት ጊዜው!» ይላል። እንደኔ 22 ዓመት ለጠበቀ ሰው ሁለተኛው ትርጉም ይበልጥበታል።

ቤት ውስጥ ከአንድ በላይ ልጅ ካለ እኔ ክራሽ 4ን አስቀድማለሁ። ምክንያቴ ሥዕሉ ሳይሆን ጆይስቲኩ ነው። ፕሌይስቴሽን ቤት ያደገ ሰው ሕጉን ያውቃል፤ ከሞትክ ታቀብላለህ። የድሮዎቹ 3 ጌሞች ግን የአንድ ሰው ጌሞች ናቸው፤ ተራ የሚባል ነገር አያውቁም። ተራውን የሚጠብቁት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ ትልቁ «ይሄ አይቆጠርም፣ ጆይስቲኩ ነው የተበላሸው» ይላል፣ ትንሿ ታለቅሳለች፣ እናት ከማድ ቤት ትጠራለች። ክራሽ 4 ላይ ሕጉ ጌሙ ውስጥ ገብቷል። እስከ 4 ሰው ሆኖ አንድ ጆይስቲክ መቀባበል ይቻላል፤ የሞተ ወይም ቼክፖይንት (ስትሞት እንደገና የምትነሳበት ቦታ) የደረሰ ለሚቀጥለው እንዲያቀብል አስቀድሞ ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላ ተራው የማን እንደሆነ የሚናገረው ቴሌቪዥኑ ነው። ከዚህ ሌላ «ባንዲኩት ባትል» የሚባል ክፍል አለው፤ ከ2 እስከ 4 ሰው ማን ቶሎ ቼክፖይንት እንደሚደርስ ወይም ማን ሳጥን በተከታታይ እንደሚሰብር ይፎካከርበታል። ሁሉም እዚያው ሳሎን ውስጥ፣ ያለ ኢንተርኔት። አረፋ ዕለት የእህቴ ልጆች ከጎረቤት ከመጡ ሁለት ልጆች ጋር ሆነው ከምሳ እስከ ማታ ያለ ጠብ ሲጫወቱ አይቻለሁ። ያ ቤት ውስጥ ያለው ጆይስቲክ አንድ ብቻ ነው።

ክራሽ 4 ቀላል ነው ማለቴ ግን አይደለም። ሲጀመር «ሞደርን» ወይስ «ሬትሮ» ብሎ ይጠይቃል። ለልጅ ሞደርንን ምረጡለት፤ ሕይወት አያልቅበትም፣ ስንት ጊዜ እንደሞተ ብቻ ይቆጠርለታል፣ ከመጨረሻው ቼክፖይንት ይቀጥላል። ሬትሮ የድሮው ነው፤ ሕይወቱ ካለቀ ደረጃውን ከመጀመሪያ ይይዛል። የሚከብደው ሁሉንም ልሰብስብ ለሚል ሰው ነው። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ 6 ጌጥ አለ፤ 3ቱ በሚሰበሰበው ፍሬ ብዛት የሚገኙ ናቸው፣ አንዱ ሳጥን በሙሉ በመስበር፣ አንዱ ከ3 ጊዜ በላይ ባለመሞት፣ አንዱ ደግሞ ተደብቋል። ከዚህ ሌላ ደረጃዎቹ ቀኝና ግራቸው ተገላብጦ፣ ቀለማቸው ተለውጦ እንደገና ይመጣሉ። አንድ ሲዲ ገዝቶ ክረምቱን ሙሉ መቆየት ለሚፈልግ ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ትዕግሥቱ አጭር ለሆነ ልጅ ግን «ታሪኩን ብቻ ጨርስ፣ ጌጡን ተወው» ብላችሁ ንገሩት።

የድሮዎቹ ጭካኔ ሌላ ዓይነት ነው። በተለይ የመጀመሪያው፣ የ1996ቱ፣ ቼክፖይንቱ የተራራቀ ነው፤ ጭጋግ ውስጥ ያለው የተንጠልጣይ ድልድይ ደረጃ ስንቱን ትልቅ ሰው ጆይስቲክ አስወርውሯል። በዚያ ላይ በ2017ቱ እድሳት የክራሽ እግር መድረክ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ድሮ ከምናውቀው ይልቅ ቶሎ ያዳልጣል። ስለዚህ ትሪሎጂውን ለልጅ ከገዛችሁ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ይጀምር። 3ቱም ከመጀመሪያው ክፍት ስለሆኑ በቅደም ተከተል መሄድ ግዴታ የለበትም።

እጅ ላይ የሚሰማ ልዩነትም አለ። ትሪሎጂው ፒኤስ 4 ላይ በሰከንድ 30 ሥዕል ያሳያል፣ ክራሽ 4 ደግሞ 60። ቁጥሩ ብዙም ላይመስላችሁ ይችላል፤ አንዱን ተጫውታችሁ ወዲያው ወደ ሌላው ስትሻገሩ ግን ጣታችሁ ይነግራችኋል። ዝላይ ላይ ደግሞ ክራሽ 4 ከሥር የሚያርፍበትን ቦታ በደማቅ ክብ ያሳያል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚዘለልበት ጌም ላይ ርቀት መገመት ለጀማሪ ከባድ ነው፤ ይህች ክብ ብቻዋን ስንት ሞት ታድናለች። ክራሽ የሚያጠልቃቸው ኃይል ሰጪ ጭንብሎችም አሉ፤ ጊዜ የሚያዘገየው፣ ሰማይና ምድሩን የሚገለብጠው፣ ሌሎቹም 2 ለጌሙ አዲስነት ይሰጡታል። ሴት ልጅ ላላችሁ፣ የክራሽ እህት ኮኮ በሁለቱም ሲዲ ላይ አለች።

ታዲያ ትሪሎጂው ለማን ነው? ለራሱ ለሚገዛ ሰው። ያን አግዳሚ ለሚያስታውስ፣ ድንጋዩ ከኋላ እየተንከባለለ ሲያሳድደው ሆዱ ለሚንቦጫቦጭ ሰው። የገንዘብ ጉዳይ ካነሳንም በአንድ ሲዲ 3 ሙሉ ጌም ነው፤ ዕድሜው ስለገፋም ያገለገለው ብዙ ጊዜ ከክራሽ 4 በርከስ ብሎ ይገኛል። እኔ ሁለቱም አሉኝ፤ ብቻዬን ስሆን የምከፍተው የ1997ቱን ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ። ብዙ ሰው ክራሽ 4ን ለመጫወት ፒኤስ 5 ያስፈልጋል ብሎ ያምናል። አያስፈልግም። ጌሙ አንድ ነው፤ ደረጃ አልተጨመረም። ፒኤስ 5 ላይ ሥዕሉ ፎርኬ (4K፣ በጣም የጠራ ሥዕል) ይሆናል፣ ደረጃ ለመክፈት የሚፈጀው ጊዜ በጣም ያጥራል፣ የጆይስቲኩ የኋላ ቁልፎችም ስትጫኗቸው ይጠነክራሉ። ፒኤስ 4 ላይ ደረጃ እስኪከፈት መጠበቅ አለ፤ ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው። ቴሌቪዥናችሁ ፎርኬ ካልሆነ ግን ከፒኤስ 5 የምታገኙት ፍጥነቱን ነው። ፒኤስ 4 ካላችሁ ለዚህ አንድ ጌም ብላችሁ ማሽን አትቀይሩ።

የፒኤስ 4ቱን ሲዲ የገዛ ሰው ወደፊት ሲዲ ማስገቢያ ያለው ፒኤስ 5 ቢያገኝ ያው ሲዲ ይሠራለታል፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያም ወደ ፒኤስ 5ቱ ቅጂ ማሳደግ ይችላል። ለማሳደግ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ሲዲውም ሲጫወት ሁልጊዜ ውስጥ መሆን አለበት። በተቃራኒው የፒኤስ 5 ሲዲ ፒኤስ 4 ውስጥ አይሠራም። ሽፋኑን እዩ፤ ከላይ ሰማያዊ ከሆነ የ4 ነው፣ ነጭ ከሆነ የ5።

«ሲዲ ማስገቢያ ያለው» ያልኩት በምክንያት ነው። አማቼ ፒኤስ 5 ገዝቶ ደስ ብሎት ቤት ገባ፤ ልጆቹ ሲዲያቸውን ይዘው ማሽኑን ከበቡት፤ ቀዳዳ የለውም። ዲጂታል የሚባለው ነበር፣ የሸጠለት ሰው አልነገረውም። እንዲህ ያለ ማሽን ላይ፣ ለብቻው የሚሸጥ ሲዲ ማስገቢያ ካልተገጠመለት በቀር (የሚገጠመውም ለአዲሶቹ ሞዴሎች ብቻ ነው)፣ ጌም የሚገዛው ከሶኒ የኢንተርኔት መደብር ነው፤ መደብሩ ደግሞ ለኢትዮጵያ የተከፈተ ስላልሆነ የሌላ አገር አካውንት መክፈትና ከውጭ ካለ ዘመድ ካርድ ማስላክ ይጠይቃል። ከዚያ በጊጋባይት የሚቆጠር ማውረድ አለ። ሲዲ ግን ተጫውተህ ስትጨርስ ከጎረቤት ጋር ትለዋወጠዋለህ፣ ትሸጠዋለህ። ድሬ ላይ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ከፎርኬ ይበልጣል ባይ ነኝ።

አንድ ነገር ብቻ ስለ ሙቀታችን። ግንቦትና ሰኔ ላይ ያገለገለ ፒኤስ 4 እንደ ወፍጮ የሚጮኸው ብዙ ጊዜ አቧራ ስለሞላው ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ ጋር ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አስከፍታችሁ አስጫውቱት። ሲዲውንም ብርሃን ላይ አዙራችሁ ጭረቱን እዩ።

እናትየዋ እዚያው ቆመው ልጃቸው ጋ ደወሉ። ማሽኑ 4 ነው፣ ልጆቹ 3 ናቸው፣ ጆይስቲኩ አንድ። ሰማያዊውን ክራሽ 4 አንስተው ትሪሎጂውን መለሱ። ሻጩ «አቦ ሁለተኛ ጆይስቲክም ልጨምርልሽ?» ሲላቸው ወደ እኔ ዞር አሉ፤ ለአሁኑ አያስፈልግዎትም አልኳቸው።