ለከፋ ጫካ የወፍ ጉዞ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ወዳጆች፣ ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚዞር አንድ ማስታወቂያ አለ። «የዝናብ ደን ሎጅ፣ የወፍ እይታ፣ ሁሉን ያካተተ» ይላል። ቦታው ከፋ፣ ቦንጋ አካባቢ ነው። «ልዩ የክረምት ቅናሽ» የሚል ቀይ ጽሑፍም ተለጥፎበታል። እኔና ጓደኞቼ በዚሁ ጥቅል ሄደን ተመልሰናል። ገንዘባችን ሜዳ ላይ ቀርቷል። ሌላው ሰው ቀብድ ከመላኩ በፊት እንዲያውቅ ነው የምጽፈው።

ጥፋቱ የጫካው እንዳይመስላችሁ። የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ (ተፈጥሮው ከነዋሪው ጋር ተጠብቆ የሚኖርበት ክልል) ሆኖ ተመዝግቧል። ቡና ዛሬም ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ስር የሚበቅልበት አገር ነው። ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ታያላችሁ። ሰዉም እንግዳ አክባሪ ነው። እኔን ያናደደኝ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ይህን ሁሉ በውሸት የሚቸበችበው አስጎብኚ ድርጅት ነው።

ከፎቶዎቹ ልጀምር፤ ማታለሉ እዚያው ላይ ይታያልና። የመጀመሪያው ሥዕል ትልቅ ብርቱካናማ መንቁር ያለው ወፍ ነው። ይህ ቱካን ነው። ቱካን የሚኖረው በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ነው። በአፍሪካ ጫካ ውስጥ አንድም የለም። እኛ ጋ በመንቁሩ ትንሽ የሚመስለው ሆርንቢል ነው፤ ዝምድና ግን የላቸውም።

ሁለተኛው ፎቶ ይባስ የሚያሳዝን ነው፤ ወፉ የእኛው ስለሆነ። የልዑል ሩስፖሊ ቱራኮ ይባላል። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም። ነገር ግን የሚኖረው በደቡብ፣ በነጌሌ ቦረና፣ በገናሌና በአሬሮ አካባቢ ነው። ወፉ ስሙን ያገኘበት ጣሊያናዊው አሳሽ ኤውጄንዮ ሩስፖሊ እ.ኤ.አ. በ1893 በዝሆን ተገድሎ ሲሞት፣ ወፉን የት እንዳገኘው ጽፎ አልተወም። አጥኚዎችም መኖሪያውን ለማወቅ አሥርተ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ዛሬ ግን ቦታው የታወቀ ነው። «ቦንጋ መጥታችሁ እዩት» ብሎ መሸጥ አለማወቅ ነው ብዬ ልቀበል አልችልም። ለዚህ ወፍ ብለው ከአሜሪካ እረፍት ወስደው የመጡ አንድ ጋሼ ከእኛ ጋር ነበሩ።

በከፋ በእውነት የሚገኙት ቢነገሩን እኮ ይበቃን ነበር። አረንጓዴው ጉንጨ ነጭ ቱራኮ አለ። ሲቀመጥ ቅጠል ይመስላል፤ ሲበር ግን ከክንፉ ደማቅ ቀይ ብልጭ ይላል። ክንፉ ሲመታ ከሩቅ የሚሰማ ትልቁ ሆርንቢል አለ። የአገራችን ብቻ የሆነው ግንባረ ቢጫ በቀቀን አለ። ናሪና ትሮገን የሚባለው ደረተ ቀይ ወፍ አለ፤ ዝም ብሎ ስለሚቀመጥ ካላሳዩህ አታየውም። ሐቀኛ ማስታወቂያ እነዚህን ይዞ መውጣት ምን ይጎድልበታል?

«በሁለት ቀን 200 ዝርያ» የሚለውንም አትመኑ። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል፤ ቁጥር መጥራት ቀላል ነው። አስጎብኚ ድርጅቱ የሰጠን ዝርዝር በአካባቢው በዓመታት ውስጥ የታየው ሁሉ የተለቀመበት ነው። የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች ሳይቀሩ ገብተውበታል። እነሱ የሚበዙት ከመስከረም በኋላ ነው። እኛ የሄድነው በነሐሴ ነው።

ስለ ወቅቱም ልንገራችሁ። ከፋ ብዙ ወር ይዘንባል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ዋናው ክረምት ነው። ጭጋጉ የዛፉን ጫፍ ይሸፍነዋል። የአጉሊ መነጽሩ መስታወት ላብ ይይዛል። መንገዱ ጭቃ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል። ቅናሹ የመጣው ለእናንተ ታዝኖ እንዳይመስላችሁ፤ ሰው በማይሄድበት ወር ክፍል ለመሙላት ነው። በነሐሴ መሸጥ ወንጀል አይደለም። ዝናቡን ደብቆ መሸጥ ግን ማታለል ነው።

ከሁሉም በላይ ያቃጠለኝ የጠዋቱ ጉዳይ ነው። ወፍ የሚታየው በጠዋት ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል መነሳት፣ ጎህ ሲቀድ ጫካው ጠርዝ ላይ መቆም ያስፈልጋል። አራት ሰዓት ካለፈ ብዙው ዝም ይላል። እኛ ለባብሰን በጨለማ ወጣን። በሩ ተቆልፏል። ጥበቃው ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ፣ «ጋሼ፣ በሁለት ሰዓት ክፈት ነው የተባልኩት፤ ቁልፉም እኔ ጋ የለም» አለን። ምስኪን፣ እሱ ምን ያድርግ። ከአጥሩ ማዶ ቱራኮዎቹ በዚያ ጎርናና ድምፃቸው ሲጠራሩ ይሰማናል። ቁርስ ተበልቶ ጉዞ የተጀመረው በሦስት ሰዓት ነው። በጥቅሉ ላይ ይህ «የማለዳ የወፍ ጉዞ» ተብሎ ተጽፏል።

አስጎብኚ የተባለው ልጅ ጨዋ ነው፤ ሥራው ግን መኪና ማጠብና ቡና ማቅረብ ነው። ስልክ ሰጥተው የወፍ ድምፅ እየከፈተ እንዲጠራ አዘውታል። ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቶ፣ ያንኑ ደጋግሞ። እባካችሁ ይህን ስታዩ አስቁሙ። ወፉ ባላንጣ የመጣበት መስሎት ነው የሚመጣው። ጎጆውን ትቶ፣ መብሉን ትቶ ይንከራተታል። ቦንጋ ውስጥ ደግሞ ወፉን በድምፁ ብቻ የሚለዩ የአካባቢው ልጆች አሉ። የቀን ክፍያ ላለመክፈል ሲባል አልተጠሩም። የተበላው የእኛ ብር ብቻ ሳይሆን የእነሱም እንጀራ ነው።

«አጉሊ መነጽር ተካቷል» ነበር የተባለው። አንድ ለስድስት ሰው ደረሰን። ላዩ ላይ 30 እጥፍ ያጎላል የሚል ተለጥፎበታል። ይህ ለጫካ አይሆንም። ማጉላቱ በበዛ ቁጥር የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል፤ ሥዕሉም ይጨልማል። የወፍ ሰዎች የሚይዙት 8 በ42 ወይም 10 በ42 ነው። 8ና 10 ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ ነው፤ 42 ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ በዛፍ ጥላ ውስጥ ብርሃን የሚሰበስብላችሁ እሱ ነው። የተካተተው የትኛው እንደሆነ በቁጥሩ ጠይቁ።

«ሁሉን ያካተተ» የተባለውም እዚያ ስንደርስ ተፈታ። የመግቢያ፣ የመንገድ መሪና የጠባቂ ክፍያ ለብቻ ተጠየቅን። ወደ አዲስ አበባ ስንደውል ስልክ አይነሳም።

ስለዚህ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። ወፍ የሚመራን ማን ነው? ከጊቢው የምንወጣው በስንት ሰዓት ነው? ምን ምን ክፍያ ይቀራል? ጉዞው ቢሰረዝ ስንት ይመለሳል? መልሱ «አታስቡ፣ እዚያ ትደርሳላችሁ» ከሆነ ተዉት። ኢበርድ የሚባለው ነፃ መተግበሪያ ላይ ደግሞ ቦንጋን ፈልጉ። በየትኛው ወር ምን እንደታየ ያሳያል። የማስታወቂያውን ፎቶ ከዚያ ጋር አስተያዩ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ክፍያው ወደ ግለሰብ ሒሳብ ወይም ቴሌብር እንዲገባ ከተጠየቃችሁ በድርጅቱ ስም ደረሰኝ ይሰጠን በሉ። እኛ ጠይቀን «ስትመለሱ» ተባልን፤ እስካሁን የለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠናል። አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። አቤቱታችንን ለንግድ ቢሮ ልናስገባ ነው።

በዚሁ ጥቅል የሄዳችሁ ካላችሁ ማስታወቂያውን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። የቴሌግራም ምልልሱንና የባንክ ማስተላለፊያውን አታጥፉ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አቤቱታውን አብረን እናስገባለን።