የሐዋሳ ገበያ ዱባ፦ ቁራጩን ተዉትና ሙሉውን ግዙ

ጥቅምት ሲገባ የሐዋሳ ገበያ ዱባ በዱባ ይሆናል። አረንጓዴው፣ ግራጫው፣ ብርቱካናማው፣ ድቡልቡሉ፣ ሞላላው፣ ሁሉም ማዳበሪያ ላይ ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። አብዛኛው ሰው ግን አንድ ቁራጭ ገዝቶ በፌስታል አንጠልጥሎ ይሄዳል። ለአንድ ድስት ወጥ ይበቃኛል ነው ነገሩ። እኔ በዚህ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። በዚህ ወቅት ለብራችሁ ብዙ የሚመልስላችሁ ነገር ቢኖር ሙሉ ዱባ ነው። ሥጋው፣ ፍሬው፣ ቅርፊቱ፣ ሁሉም ሥራ አለው። ቁራጩ ግን ሥጋው ብቻ ነው፣ እሱም ፀሐይና አቧራ የጠገበ። ፍሬው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ተጠርጎ ወጥቷል።

ሌላው ደግሞ መቆየቱ ነው። ያልተቆረጠ፣ በደንብ የበሰለ ዱባ ደረቅና ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ላይ ከተቀመጠ ለሳምንታት አንዳንዴም ከዚያ በላይ ምንም አይሆንም። ሐዋሳ ሞቅ ስለሚል ፀሐይ የማያገኘውን ጥግ ምረጡ፣ ከሥሩ ጆንያ ወይም ካርቶን አንጥፉ፣ ባዶ ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡት፣ እርጥበት ከሥር ይጀምረዋል። የተቆረጠው ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይላላል፣ ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን።

አመራረጡ ቀላል ነው። ቅርፊቱን በጥፍር ጫን አድርጉት። ጥፍር ከገባ ገና ነው፣ ካልገባ ደርሷል። ከሐረጉ የተቆረጠበት ጉጥ ደርቆ እንጨት መምሰል አለበት። ጉጡ ከሥሩ ተነቅሎ ከወጣ ተዉት፣ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። መሬት ላይ የተኛበት ጎኑ ነጭ ሳይሆን ቢጫ መሆን አለበት። አንኳኩት ደግሞ፣ ባዶ ነገር ሲመታ የሚሰማ ድምፅ ካለው ጥሩ ነው። ሻጮቹ ብዙዎቹ ከዙሪያው ገጠር የሚመጡ እናቶች ናቸው፣ ዱባቸውን ያውቁታል። «እማማ፣ ለወጥ የሚሆነውን ይምረጡልኝ» ስትሏቸው «ይሄ ውሃ ነው ልጄ፣ ያኛውን ውሰጂ» ብለው ርካሹን የሚያነሱላችሁ አሉ። እኔ እንደዚህ ዓይነት ሻጭ ካገኘሁ ሌላ ጋ አልሄድም። ዋጋው በኪሎ ሳይሆን በዓይን ነው፣ መከራከር ያለ ነው፣ ግን ጠዋት ገብታችሁ ሁለት ብትወስዱ በደንብ ይቀንሱላችኋል።

ወደ ድስቱ እንግባ። የመጀመሪያው ያው ዱባ ወጥ ነው፣ ጊዜውም የእሱ ነው። ጾመ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ስለሆነ፣ የፈቃድ ጾም ቢሆንም የሚጾመው ብዙ ነው፣ ሽሮና ምስር ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ይሰለቻል። ቀይ ሽንኩርቱን በደንብ አቁላሉት፣ ዘይት፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ ዱባው። ሁለት ነገር ብቻ አስምሩበት። ዱባውን ደቀቅ አድርጋችሁ አትክተፉት፣ ቶሎ ስለሚፈርስ ገንፎ ይሆንባችኋል። ውሃም አታብዙ፣ ዱባ ከዘጠና በመቶ በላይ ውሃ ነው፣ ክደኑትና በራሱ ውሃ ይበስላል። ሲወርድ ትንሽ ኮረሪማ። የዱባው ጣፋጭነትና የበርበሬው ማቃጠል አንድ ላይ ሲመጣ ምንም አይወጣለትም። ዘይቱንም አትፍሩት፣ ብርቱካናማ ቀለሙን የሚሰጠው ቤታ ካሮቲን ሰውነታችን ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀየር ነገር ነው፣ ቅባት ሲኖር ደግሞ በደንብ ይወሰዳል።

ሁለተኛው የአሳ ሾርባ ነው፣ ይሄ ለማይጾም ሰው። ሐይቁ ዳር ካለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄዶ የአሳ ሾርባ ያልጠጣ የሐዋሳ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቤት ስትሠሩት ከድንቹ ይልቅ ዱባ ጨምሩበት። ግማሹን ዱባ መጀመሪያ ቀቅላችሁ ፍጩትና ሾርባው ውስጥ አዋህዱት፣ ግማሹን በቁራጭ ተዉት። ዱቄት ሳይገባበት ወፈር ይላል፣ ቀለሙም ያምራል። ዝንጅብልና ቃሪያ አይቅርበት፣ ካልሆነ ጣፋጭነቱ ይበዛል። ከዱባ ሥራ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጪ ብትሉኝ ይሄንን ነው የምመርጠው።

ዳቦም አለ። የተቀቀለ ዱባ አልማችሁ የስንዴ ሊጥ ውስጥ አቡኩት። ውሃ መጀመሪያ አትጨምሩ፣ ዱባው ያለውን ይስጥ፣ ካነሰ ነው የሚጨመረው። ሊጡ ወርቅማ ይሆናል፣ ዳቦውም በማግስቱ አይደርቅም። እዚህ ሐዋሳ የእንሰት ቅጠል እንደልብ ስለሚገኝ በእሱ ጠቅልሎ መጋገር ነው። ኦቨን የሌለው ሰው በድስት፣ ከላይም ከታችም ፍም አድርጎ ይጋግር፣ ያምራል። ጠንከር ያለ ምግብ ለጀመረ ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ሕፃንም የተቀቀለና የላመ ዱባ ጥሩ ነው፣ ጨውም ስኳርም አይፈልግም።

ፍሬውን እባካችሁ አትጣሉት። ታጠቡት፣ ነጠላ ጨርቅ ላይ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ሲደርቅ በምጣድ በትንሽ እሳት ቁሉት። መንጣጣት ሲጀምር አውርዱት፣ ከዚያ ካለፈ ይመራል። ትንሽ ጨው ረጨት ካደረጋችሁ በኋላ ከገብስ ቆሎና ከሱፍ ጋር ደባልቁት፣ ቡና ሲፈላ ሌላ ነገር አያስፈልግም። 100 ግራም የተላጠ ደረቅ የዱባ ፍሬ ውስጥ 30 ግራም አካባቢ ፕሮቲን አለ፣ ማግኒዚየምና ዚንክም በደንብ አለው። በጾም ወቅት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ድሮ አያቶቻችን ለኮሶ ትል ይሰጡት እንደነበር የማያውቅ የለም፣ እኔ ግን ሕክምና ጣቢያ ያለበት ከተማ ላይ ሆናችሁ ልጅ በፍሬ እንድታክሙ አልመክርም። እንደ ቆሎ ብሉት።

አሁን ወደ ልጆቹ። እኔ ሙሉ ዱባ ግዙ የምልበት አንዱ ትልቅ ምክንያት እነሱ ናቸው። በቴሌቪዥንና በስልክ የፈረንጆቹን ዱባ አይተዋል፣ ዓይንና አፍ ተፈልፍሎለት ውስጡ ሻማ የሚበራበትን። ሃሎዊን የሚሉት በዓላቸው ነው፣ እነሱ ጋ ኦክቶበር 31 ነው፣ በእኛ ጥቅምት 21 አካባቢ መሆኑ ነው። ነገሩ የመጣው ከአየርላንድና ከስኮትላንድ ነው፣ እዚያ ድሮ ይፈለፈል የነበረው ዱባ ሳይሆን ተርኒፕ የሚባለው ሥራ ሥር ነበር፣ አሜሪካ የገቡት ስደተኞች ናቸው ትልቁንና ለመፈልፈል ቀላሉን ዱባ አግኝተው የቀየሩት። በዓሉን ማክበር የማይፈልግ ወላጅ አለ፣ ልክ ነው፣ እኔም አላከብረውም። ግን ዱባ ፈልፍሎ ፋኖስ መሥራት ለብቻው ደስ የሚል የእጅ ሥራ ነው። በዓሉን ተዉትና ፋኖሱን ውሰዱ። መብራት ሲጠፋ ሳሎን መሀል ይቀመጥ፣ ልጆቹ መብራቱ ባይመጣ ይመርጣሉ።

አሠራሩ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አናቱን እንደ ክዳን ቁረጡ፣ በማንኪያ ጠርጉ፣ ፍሬው ለቆሎ፣ ሥጋው ለድስት። ግድግዳው አንድ ጣት ውፍረት ያህል ይቅር፣ ከዚያ በላይ ያለው ሥጋ ለምን ይቃጠላል? መቁረጡን ትልቅ ሰው ይሥራው፣ ልጆቹ ንድፉን በከሰል ይሣሉ። መስቀል፣ አሞራ፣ አሳ፣ የፈለጉትን። ሻማ ካበራችሁ ክዳኑን ክፍት ተዉት፣ የተሻለው ግን ትንሽ የባትሪ መብራት ነው። ከሦስት አራት ቀን በኋላ መሻገት ይጀምራል፣ ያኔ ለአትክልቱ ቦታ ማዳበሪያ ይሁን። ቅርፊቱን አድርቄ ዕቃ አደርገዋለሁ ብላችሁ ግን አትድከሙ፣ ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንደሚባለው እሱ የቅል ሥራ ነው። ለትንንሾቹ ደግሞ ቢላ ጨርሶ አያስፈልግም። ፊት በጠመኔ ወይም በከሰል ይሣሉበት፣ ሳምንት ሙሉ በር ላይ ይቀመጥ፣ ከዚያ ታጥቦ ወጥ ይሁን። እኔ ይሄኛውን የበለጠ እወደዋለሁ፣ ምንም የሚጣል የለማ።

እንግዳ ካለ ደግሞ ትንሿን ዱባ ጠርጋችሁ ሾርባውን በእሷ አቅርቡ። በቃ፣ ሌላ የጠረጴዛ ጌጥ አትፈልጉም።

ቅሬታም አለኝ። ጥራቱ እኩል አይደለም። አንዱ ማር የመሰለ ነው፣ አጠገቡ የነበረው ውሃ። ውሃማውን ለወጥ አታባክኑት፣ ለዳቦና ለሾርባ ይሁን። ገበያው ውስጥ ዝርዝር ብር ከሌላችሁ ትልቅ ዱባ የሚሸጥላችሁ ይጠፋል፣ ይሄ መስተካከል አለበት፣ ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ። ትልቁን ተሸክሞ መውጣትም ይከብዳል፣ ባጃጅ እስከምታገኙ ልጅ አስይዙት። ልጣጩም ጠንካራ ነው፣ ጥሬውን ከመታገል በትልልቁ ቆርጣችሁ ከነልጣጩ ቀቅሉት፣ በኋላ በማንኪያ ይለቃል። አንድ ደግሞ ማስጠንቀቂያ፦ ቀምሳችሁ የመረረ ዱባ ካጋጠማችሁ ጣሉት። በቅመም ልሸፍነው አትበሉ፣ ያ መራራ ነገር ሆድ ያሳምማል።

ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሿን የቀነስኩት ለጥራቱ አለመመጣጠን ነው።

ግቢ ያላችሁ ከምትቆሉት ፍሬ ላይ ጥቂት ወፈር ወፈር ያሉትን አስቀሩ። ዝናብ ሲጀምር አጥር ሥር ፍግ ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ቅበሯቸው፣ በሦስት አራት ወር ይደርሳል። መጀመሪያ የሚያብቡት ብዙዎቹ ወንዴ አበቦች ስለሆኑ ሳያፈሩ ሲረግፉ አትደንግጡ፣ ሴቴዋ ከአበባዋ ሥር ትንሽ ዱባ ይዛ ትመጣለች። ንብ ከሌለ ጠዋት ወንዴውን ቆርጣችሁ ሴቴዋ ላይ አሹት። ለጋ ቅጠሉን ደግሞ እንደ ጎመን ቀቅሉት።