ለእንቁላል የተሠራው መጥበሻዬ ለሰም ሥዕል እንዴት ሆነ?

ጠፍጣፋ፣ አራት ማዕዘን የኤሌክትሪክ መጥበሻ ነው። ለእንቁላልና ለፓንኬክ ተብሎ የተሠራ። እኔ ግን የገዛሁት ሰም ላቀልጥበት ነው። ከክረምት በፊት ጀምሮ ስቱዲዮ በገባሁ ቁጥር መጀመሪያ የምሰካው እሱን ነው። በጣም ወድጄዋለሁ። ለዚሁ ሥራ ልትገዙ ያሰባችሁ ግን ቀድማችሁ ብታውቁት ደስ የሚለኝ ነገር አለ።

ኢንካውስቲክ የሚባለውን የሰም ሥዕል ለማያውቅ በአጭሩ ልንገረው። ቀለሙ የሚዘጋጀው ከንብ ሰም፣ ዳማር ከሚባል የዛፍ ሙጫና ከቀለም ዱቄት ነው። እኔ 800 ግራም ሰም ላይ 100 ግራም ዳማር አደርጋለሁ። ሙጫው ሰሙን ያጠነክረዋል። ቀለሙ ትኩሱን እንጨት ላይ ይቀባል፣ ወዲያው ይረጋል። ከዚያ እያንዳንዱ ሽፋን ከሥሩ ካለው ጋር እንዲያያዝ እንደገና ይሞቃል። በግብፅ ፋዩም የተገኙት፣ ከ1ኛው እስከ 3ኛው ክፍለ ዘመን የተሳሉት የሟቾች ምስሎች ብዙዎቹ በሰም የተሠሩ ናቸው። ዛሬም ዓይናቸው ያበራል።

ወደ መጥበሻው ልመለስ። ንፁህ የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። ዳማር ሲገባበት ለብሩሽ የሚመቸው ከ80 እስከ 90 ባለው ነው። ከዚያ ብዙ ካለፈ መሽተት ይጀምራል። ጭስ ካወጣ ደግሞ ለሳንባ ክፉ ነው። ታዲያ የመጥበሻው መቆጣጠሪያ ላይ የተጻፈው ቁጥር አይታመንም። ለምግብ ይበቃል፣ ለሰም አይበቃም። መብራቷ በርታ እስክትጠፋ ድረስ ሙቀቱ ይወጣል፣ ይወርዳል። ስለዚህ ቴርሞሜትር የግድ ነው። የኢንፍራሬዱን ከተጠቀማችሁ ራሱን ሰሙን ለኩ። የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ካነጣጠራችሁት ከእውነተኛው ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣችኋል።

መሃሉ ከማዕዘኖቹ ይልቅ ይሞቃል። መጀመሪያ እንደ ጉድለት አይቼው ነበር፤ አሁን ያለዚያ መሥራት የምችል አይመስለኝም። ቀለሞቼን በባዶ የድልህ ጣሳ አድርጌ እደረድራቸዋለሁ። ቀጭን ሆኖ እንዲፈስ የምፈልገውን መሃል አስቀምጣለሁ። ወፍሮ፣ እንደ ቅቤ ሆኖ እንዲቀመጥ የምፈልገውን ወደ ጥግ አስጠጋለሁ። አንዱን ቀይ በሁለት ጣሳ አድርጌ፣ አንዱን መሃል አንዱን ጥግ ሳስቀምጥ ሸራ ላይ የማላገኘው ሁለት ዓይነት ቀይ ይሰጠኛል። ሥዕሌ ከዚህ መጥበሻ ወዲህ ተለውጧል ስል ይህንን ማለቴ ነው።

ያስቸገረኝ ቅባት ማውረጃው ነው። መጥበሻው የምግብ ዘይት ወደ ቀዳዳው እንዲወርድ ትንሽ ያዘነብላል። የፈሰሰ ሰምም እንደዚያው ተንሸራቶ ይሄዳል። ቀዳዳውን በአልሙኒየም ፎይል ደፈንኩት፣ ሁለቱን እግሮች ደግሞ ቁራጭ እንጨት ላይ አቆምኩ። ተስተካክሏል። የማያጣብቀው ሽፋን ግን ስስ ነው። በስለት የሚፋቅ ከሆነ ይላጣል፤ የእንጨት መፋቂያ ተጠቀሙ።

መብራት ሌላ ራስ ምታት ነው። መጥበሻው 1500 ዋት ነው፤ ሽፋኖቹን የማያይዝበት የሙቅ አየር ሽጉጥ 2000 ዋት። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ 16 አምፔር ገደማ ይስባሉ። አንድ ዲቫይደር ላይ ፈጽሞ አትሰኳቸው፤ ለየብቻ ሶኬት ይኑራቸው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ሰሙ ብሩሹን እንደያዘ ይደርቃል። ብሩሹ አይበላሽም፤ መብራት ሲመጣ መጥበሻው ላይ ጋደም ማድረግ ነው። ብቻ የአሳማ ፀጉር ይሁን። የፕላስቲኩ በሙቀቱ ይበላሻል።

በክረምት ሥራው ይከብዳል። ኮምፔንሳቶው ቀዝቃዛ ከሆነ ሰሙ ገና ሲነካው ይረጋል፣ ከእንጨቱ ጋርም በደንብ አይያያዝም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከመጀመሬ በፊት እንጨቱን በሙቅ አየር አሞቀው ነበር። ያለቀው ሥዕል ላይም በብርድ ጊዜ ነጭ ጭጋግ የሚመስል ነገር ይወጣል። ጉዳት አይደለም። ለስላሳ ጨርቅ ወስዳችሁ ቀስ ብላችሁ ስታሹት ይጠፋል፤ ሥሩ ያለው ቀለም እንደ መስታወት ጠርቶ ይወጣል። ይህን ማየት እንዴት ደስ እንደሚል!

ሰሙን በተመለከተ እኛ የታደልን ነን። ኢትዮጵያ በሰም ምርት ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ናት። ከጠጅ የሚተርፈውን ሰፈፍ አቅልጦ በጨርቅ ማጥለል ይቻላል፤ ሽታው ራሱ ያሠራል። ቢጫነቱ ግን ሰማያዊን ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል። ለቡናማ፣ ለቀይና ለወርቃማ ቀለም ይሄ የራሳችን ሰም ይበልጥብኛል። ነጭና ሰማያዊ ስፈልግ የተጣራውን ነጭ ሰም እገዛለሁ።

አሜሪካዊው ሠዓሊ ጃስፐር ጆንስ በ1950ዎቹ አጋማሽ «ባንዲራ» የተባለውን ሥዕሉን ሲሠራ የጋዜጣ ቁራጭ ከሰም ጋር ቀላቅሏል። እያንዳንዱ የብሩሽ ምት ወዲያው ስለሚረጋ ከቀጣዩ ሳይደባለቅ ይቀራል፤ ከሥር ያለው ጽሑፍም ያሳያል። እኔም የድሮ የአማርኛ ጋዜጣ በሽፋኖቹ መካከል አስገባለሁ። እዚህ ላይ ነው የመጥበሻውን ሙቀት በቴርሞሜትር እየለኩ መጠበቅ ዋጋው የሚታየው። ሰሙ በጣም ከጋለ ሥር ያለውን ሽፋን አቅልጦ ወረቀቱን ያንሸራትተዋል። ከቀዘቀዘ ደግሞ ደብዝዞ ፊደሉን ይሸፍነዋል። 85 አካባቢ ሲሆን ፊደሉ ውሃ ውስጥ እንዳለ ጠጠር ይታያል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ፤ ጠርዙ ዝቅ ያለ ይሁን፣ መቆጣጠሪያው ዝቅተኛ ሙቀት ላይ ይቁም፣ ገጹም ቢያንስ ስድስት ጣሳ ይያዝ። መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ። ክዳን አጠገባችሁ ይኑር፤ ሰም ከተያያዘ ሶኬቱን ነቅላችሁ ክደኑት እንጂ ውሃ አትድፉበት። አንዴ ቀለም የነካው መጥበሻ ደግሞ ወደ ማድ ቤት አይመለስም። ከቀለም ዱቄቶቹ ውስጥ እንደ ካድሚየም ያሉ መርዛማ አሉና፣ ለቤቱ እንቁላል ሌላ ግዙ።